የበሬ ዘመን፤ ከቻይና እስከ ብቸና

ባለፈው ሰሞን ከዶርም ጓደኞቼ አንዱ የቻይና የግድግዳ ካላንደር ይዞ መጣ። ከላይ በወርቅማ ቀለም የተሣለ በሬ አለበት። ከሥሩ ደግሞ በበሬ ዓመት የተወለደ ሰው ጠባዩ ምን እንደሚመስል ተዘርዝሯል፤ ታጋሽ፣ ታታሪ፣ ቃሉን የሚጠብቅ፣ ንግግር የማያበዛ፣ ግትር፣ ቶሎ የማይቆጣ፣ ከተቆጣ ግን የማይመለስ። ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁላችን የልደት ዓመታችንን በጣታችን እየቆጠርን «እኔ ምን ነኝ? እኔስ?» መባባል ጀመርን። አንዱ ጦጣ ሆነና ተሣቀበት። አንዱ ፈረስ ሆኖ ኮራ።

እኔ ግን ሣቁ አልመጣልኝም። እኛ ቤት በሬ መሆን ቀልድ አልነበረማ! ታላቅ ወንድሜ ገበሬ የሆነው «ኮከቡ በሬ ነው» ስለ ተባለ ነው። እኔም ዛሬ ከናንተ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ የምማረው «ይኸ በሬ አይደለም» ስለ ተባልሁ ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ። በቅድሚያ ግን ይህ በሬ ከየት መጣ፣ ምን ማለት ነው፣ በአገራችንስ ታሪክ ውስጥ ምን ቦታ አለው የሚለውን አብረን እንመርምር።

የቻይናው በሬ

እንደሚታወቀው ቻይናዎች ዓመታትን በ12 እንስሳት ስም ይጠራሉ። ተራቸውም አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል፣ ዘንዶ፣ እባብ፣ ፈረስ፣ ፍየል፣ ጦጣ፣ አውራ ዶሮ፣ ውሻ፣ ዐሳማ ነው። ዐሥራ ሁለቱ ሲያልቁ እንደገና ከአይጥ ይጀመራል። በዚህ ላይ አምስት ባሕርያት፣ ማለት እንጨት፣ እሳት፣ መሬት፣ ብረትና ውሃ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ እየተቆጠሩ ይታከሉበታል። በዚህ ዐይነት አንድ ሙሉ ዙር 60 ዓመት ይፈጃል። የፈረንጁን ዓመት በ12 አካፍላችሁ 5 ከተረፈ ያ ዓመት የበሬ ነው፤ 1961፣ 1973፣ 1985፣ 1997፣ 2009፣ 2021። ብቻ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የቻይና አዲስ ዓመት የሚገባው በእኛ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ በጥር መጀመሪያ የተወለደ ሰው ባለፈው እንስሳ ነው የሚቆጠረው።

በሬው ለምን ሁለተኛ ሆነ ለሚለው ተረት አላቸው። የሰማዩ ንጉሥ እንስሳትን ሁሉ ጠርቶ ወንዙን ተሻግራችሁ ቀድማችሁ ለደረሳችሁ ዓመት እሰይምላችኋለሁ አለ። በሬ ዘገምተኛነቱን ያውቃልና በሌሊት ተነሥቶ መንገድ ጀመረ። አይጥ ከጀርባው ላይ ወጣች። ወንዙን ተሻግሮ ከደጁ ሲደርስ ከጀርባው ዘላ ወረደችና አንደኛ ሆነች። በሬ ምንም አላለም። የኛ አገር ገበሬ ይህን ተረት ቢሰማ፣ በሬ ያረሰውን አይጥ ስትበላ ያላየሁት ይመስል ምን ትነግሩኛላችሁ ሳይል አይቀርም።

በቻይና የቀኑ ሰዓትም ለእንስሳቱ ተከፋፍሏል። የበሬ ሰዓት የሚባለው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ሰዓት ያለው ነው። በሬ ያቆየ ሰው ትርጉሙ አይጠፋውም፤ ያን ጊዜ በሬ ተኝቶ ያመሰኳል፤ ደግ ባለቤትም ለነገ እርሻ እንዲበረታ ድርቆሽ ይጨምርለታል። የፀደይ መግቢያ ሲደርስ ደግሞ ከጭቃ በሬ ሠርተው በበትር እየመቱ ማፍረስ የቆየ ልማዳቸው ነበር፤ የእርሻ ወራት ገባ ለማለት።

ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ የቬትናሞች ነገር ነው። ቬትናሞች ይህንኑ የ12 እንስሳት ቆጠራ ይከተላሉ፤ ነገር ግን በበሬው ቦታ ጎሽ፣ በጥንቸሉ ቦታ ድመት አስገብተዋል። ለምን ቢሉ፣ እነሱ የሩዝ ማሳ የሚያርሱት በጎሽ ነውና። እንግዲህ ከሰማይ ወረደ የሚባለው እንስሳ አገር ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ከሆነ፣ የተነሣው ከሰማይ ሳይሆን ከማሳው ላይ ነው ማለት ነው። «ታጋሽ፣ ታታሪ፣ ዝምተኛ» የሚለውም ጠባይ ገበሬው ከበሬው የሚፈልገው ጠባይ ነው። በሬው ተጠይቆ የሰጠው መልስ አይደለም።

የኛው ሠውር

እኛስ? ለዓመት እንስሳ ባንሰይምም የሰውን ኮከብ በእንስሳ መጥራት በአገራችንም የቆየ ነገር ነው። ዐውደ ነገሥት በሚባለው መጽሐፍ 12 ኮከቦች አሉ፤ ሐመል፣ ሠውር፣ ጀውዛ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። ስሞቹ የዐረብ ስሞች ናቸው። ሐመል የበግ ጠቦት፣ አሰድ አንበሳ፣ ዐቅራብ ጊንጥ፣ ጀዲ የፍየል ግልገል፣ ሑት ዓሣ ነው። ሠውር ደግሞ በሬ። የግእዙ «ሶር» እና የዐረቡ «ሠውር» የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ የአማርኛው «በሬ» ግን «ብዕራይ» ከሚለው ከሌላው የግእዝ ቃል የመጣ ነው።

መንገዱም ረጅም ነው። ሰማዩን በ12 ከፍለው ለእያንዳንዱ ምልክት የሰጡት የጥንት ባቢሎናውያን ናቸው። ከነሱ ግሪኮች ወሰዱት፤ በእስክንድርያ አደገ፤ ዐረቦች ተርጉመው አሰፉት፤ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ገባ፤ ከግእዝ በደብተራው አፍ ወደ አማርኛ ወርዶ በየገበሬው ጎጆ ደረሰ። ስለዚህ ይህ ቆጠራ ከቻይናው ጋር ዘመድ አይደለም፤ ምንጩም ሌላ ነው። የሚመሳሰሉት በ12 ቁጥራቸውና በሬን በመያዛቸው ነው። ሌላው ቢቀር ሁለቱም በሬውን ከመሬት ባሕርይ መድበውታል።

አቆጣጠሩ ግን በጣም ይለያያል። ቻይናው የሚቆጥረው የተወለድህበትን ዓመት ነው። የኛ ደብተራ የሚቆጥረው ስምህን ከእናትህ ስም ጋር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ ይደምርና በ12 ይገድፋል፤ የተረፈው ቁጥር ኮከብህ ይሆናል። አንድ ከተረፈ ሐመል፣ ሁለት ከተረፈ ሠውር፣ አምስት ከተረፈ አሰድ፣ እያለ ይሄዳል። ከዚያ ኮከቦቹ በተራ እሳት፣ መሬት፣ ነፋስ፣ ውሃ እየተባሉ ይመደባሉ። እሳትና ውሃ አይጋቡም ይባላል። በዚህ የተነሣ ስንት እጮኛ እንደ ተለያየ ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ቤተ ክርስቲያን ጥንቆላ ብላ ብታወግዘውም መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም።

አሁን የቤቴን ነገር ልንገራችሁ። አገራችን በብቸናና በሞጣ መካከል ነው፤ ዋልካ አፈር፣ የጤፍ አገር። ጤፍ ደግሞ አራት አምስት ጊዜ ካልታረሰ አይሆንም፤ ቤት ያለ በሬ፣ በሬም ያለ አራሽ አይሆንለትም። አባቴ አንድ ቀን እኔንና ወንድሜን ይዞን ብቸና ወረደና ከአንድ ደብተራ ዘንድ አቀረበን። ወንድሜ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበር። እውነቱን ለመናገር ቀለም የሚይዘው እሱ ነበር፤ እኔ ፊደል ገና አልለየሁም።

«እስቲ የነዚህን ልጆች ኮከብ ይዩልኝ፣ የኔታ» አለ አባቴ።

ደብተራው የኛንም የእናታችንንም ስም ጠየቁ። በጣታቸው ቆጠሩ፣ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፣ እንደገና ቆጠሩ።

«ትልቁ ሠውር ነው፤ መሬት። ምድር ትስማማዋለች፤ የዘራው ይበረክትለታል። ቀለም ግን አይዘልቅለትም። ትንሹ አሰድ ነው፤ እሳት። ይኸን ከቤት ብታስቀምጠው ያቃጥልኻል፤ ለትምርት ስደደው።»

በዚያው ክረምት ወንድሜ ሞፈር ጨበጠ። የኔና የሱ ልዩነት እንግዲህ በአካፋዩ የተረፈው 2 እና 5 ነው። አሁን ሳስበው የሚያስቀኝ አንድ ነገር አለ፤ ያ እኔን አንበሳ ያደረገኝ 5 ቁጥር በቻይናው አካፋይ የበሬ ምልክት ነው።

ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር

በዐውደ ነገሥት ላይ ብቻ ብንቆም ግን ለሊቃውንቶቻችን አድልዎ ይሆንባቸዋል። አገራችን ከዚህ የተለየ፣ ከጥንቆላ ጋር የማይገናኝ የዘመን ትምህርት አላት፤ ባሕረ ሐሳብ። ይኸ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅን፣ መርጡለ ማርያምንና ሞጣ ጊዮርጊስን በያዘው በምሥራቅ ጎጃም ለደብር አገልጋይ የዕለት እንጀራው ነው፤ ጾምና በዓል የሚወጣው በሱ ነውና።

በባሕረ ሐሳብ ዓመታት በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይጠራሉ። ወንጌላውያኑ ደግሞ መንበሩን በሚሸከሙት በአርባዕቱ እንስሳ ይመሰላሉ፤ ማቴዎስ በገጸ ሰብእ፣ ማርቆስ በገጸ አንበሳ፣ ሉቃስ በገጸ ላህም፣ ዮሐንስ በገጸ ንስር። እንግዲያውስ ሳናውቀው እኛም የበሬ ዓመት ኖሮናል ማለት ነው፤ ዘመነ ሉቃስ። ስሌቱ ቀላል ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና በ4 አካፍሉ፤ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ዮሐንስ። 2015ን እንሞክር። 5500 ሲታከልበት 7515 ነው፤ በ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ሉቃስ ነበር።

የሉቃስ ዓመት ከሌሎቹ በአንድ ነገር ይለያል። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ ማብቂያ ነው። ሦስቱ ዓመታት እየቆራረሱ የሚያጠራቅሙትን ሩብ ሩብ ቀን አንድ ላይ አድርጎ የሚሸከመው የበሬው ዓመት ነው። ይህን አስበው ያደረጉት አይመስለኝም፤ የስሌት ተራው ነው ያመጣው። ቢሆንም በሬ ለሚያርስ ሕዝብ የተገባ ነገር ይመስላል።

ታዲያ ከቻይናው የበሬ ዓመትና ከኛው የበሬ ዓመት የትኛው እውነተኛ በሬ ነው? ሁለቱ የሚገናኙበት ዓመት ካለ ብዬ ፈለግሁ። ወረቀት አውጥቼ ስቆጥር አመሸሁ። የለም! ወደፊትም የካላንደሮቹ ሕግ እስካልተለወጠ ድረስ አይኖርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። 12 በ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ስለዚህ የቻይናው በሬ በየ12 ዓመቱ ሲመለስ ሁልጊዜ ከአንድ ወንጌላዊ ጋር ነው የሚገጥመው። በማቴዎስ አጋማሽ ይገባል፤ በማርቆስ አጋማሽ ይወጣል። ለምሳሌ የመጨረሻው የበሬ ዓመት የካቲት 5 ቀን 2013 ገብቶ ጥር 23 ቀን 2014 አለቀ፤ 2013 ማቴዎስ፣ 2014 ማርቆስ ነው። ሉቃስ ሲመጣ የቻይናው በሬ ሄዷል። ገበሬ ቢሆን፣ እነዚህ ሁለት በሬዎች ለአንድ ቀንበር አይሆኑም፣ አይቀናጁም ይላል። አንድ ሰው በአንዱ ቆጠራ በሬ ከሆነ በሌላው በሬ ካልሆነ፣ ሁለቱም ስለ ጠባዩ የሚያውቁት ነገር የለም ማለት ነው።

በሬ ወለደ

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው አልተቀበለኝም። ታሪክ ነው የሚያጠናው። «ቆይ እንጂ፣ የቻይናው የበሬ ዓመት ለኢትዮጵያ ጥሩ ሆኖ አያውቅም» አለና ቆጠረልኝ። 1889፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁበት፣ ክፉ ቀን የበረታበት። 1913፣ አፄ ምኒልክ ያረፉበት። 1937፣ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ፤ የበሬ ዓመት ከገባ ገና ስምንት ቀኑ ነበር። 1973፣ የወሎ ረሃብ። 1985፣ የሰባ ሰባቱ ረሃብ። ሁሉም በፈረንጅ ነው፤ ሁሉም በ12 ሲካፈል 5 ይተርፈዋል። እኔም ለጊዜው ደነገጥሁ።

ረጋ ብለን ስናየው ግን ነገሩ ይፈርሳል። ክፉ ቀን የጀመረው በ1888 ሲሆን እስከ 1892 ዘለቀ፤ ማለት በአይጥ ጀምሮ በበሬ፣ በነብርና በጥንቸል አልፎ እስከ ዘንዶ ደረሰ። የሰባ ሰባቱም ረሃብ ብዙ ሰው የፈጀው በ1984 ነው፤ ያ የአይጥ ዓመት ነበር። ጣልያን በ1935 የወረረን በዐሳማ ዓመት ነው። ድል ያደረግንበት ዐድዋ በጦጣ ዓመት ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ መከራ ያላየ እንስሳ ፈልጉ ብትባሉ አታገኙም። በሬ ላይ ብቻ ዓይኑን የተከለ ሰው በሬን ብቻ ያገኛል። የኛ ሰው «በሬ ወለደ» የሚለው እንዲህ ያለውን ወሬ ነው።

በእውነት በሬው የደረሰበትን ለማወቅ የፈለገ ግን ከኮከብ ይልቅ ክፉ ቀንን ይመርምር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያኖች ለምጽዋ ጦራቸው ከባሕር ማዶ ባስመጧቸው ከብቶች አማካይነት አንድ የከብት በሽታ ገባ። የኛ ሰው «የደስታ በሽታ» ብሎ ይጠራዋል፤ ስሙ ግብሩን አይመስልም። በሽታው ከብቱን በጥቂት ቀን ይጥለዋል። ከትግራይ ጀምሮ ደቡብ እስኪደርስ ድረስ ከመቶ ዘጠና ያህሉ የአገሩ ከብት እንዳለቀ ይገመታል። ዝናብ ጠፋ፤ አንበጣና ተምች ተጨመረ። ጎጃም ደግሞ በዚያው ሰሞን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከአፄ ዮሐንስ ጋር ስለ ተጣሉ በዘማች ተዘርፎ ነበር። እህል ያለው ቢኖር እንኳ የሚያርስበት በሬ አልነበረውም። አፄ ምኒልክ ሕዝቡ በእጁ እንዲቆፍር ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው የተጻፈ ታሪክ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዉ የሰማይ ቁጣ ነው ብሎ አመነ። ምን ያድርግ፣ ቫይረስ የሚባል ነገር ማን ነግሮት? ነገር ግን ምክንያቱ ሲታወቅ መድኃኒቱም ተገኘ። ክትባት ወጣለት፤ የከብት ሐኪሞችና ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ክትባት ሰጪዎች እስከ አፋር በረሃ ድረስ እየሄዱ ከተቡ። በፈረንጅ 2011 በሽታው ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው። ከኮከብ የመጣ ቢሆን ኖሮ በመርፌ ባልተመለሰ ነበር።

«ቻይ ነው» ስለሚባለው ሰው

አሁን ወደ ጠባይ ጉዳይ እንመለስ። በሬ ታጋሽ ነው፤ አይናገርም፤ የጫኑትን ይሸከማል። ይህን ጠባይ በሬ ላይ ብቻ ትተውት ቢሆን መልካም ነበር። ነገር ግን በየዘመኑ ገዥ የሆነ ሁሉ ገበሬውንም «ቻይ ነው፣ ታጋሽ ነው፣ ተፈጥሮው ነው» ሲለው ኖሯል። ታሪክ ግን እንዲህ አይልም፤ ለዚህም ከብቸናና ከሞጣ የተሻለ ምስክር የለም።

ጎጃሜ ከጣልያን መባረር በኋላ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹም በመሬት ግብርና በልኬት ነገር ከመንግሥት ጋር ሲላተም ነበር። በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ግብሩ እንዲታወቅ የያንዳንዱ ገበሬ ማሳና ምርት ሊገመት ነው ተባለ። ገበሬው ግን ገማቹን ባየ ጊዜ የታየው ግብር ብቻ አልነበረም። ርስቴን ዛሬ ለክተው ነገ ሊወስዱት ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ርስት ነው። በዚያ ላይ የሹማምንቱ ግፍና ጉቦ ሆድ አስብሶት ነበር። በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት አውራጃዎች ገማቾቹ ተባረሩ። ነገሩ ወደ ጦርነት ተለወጠ። መንግሥት ፖሊስና ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ታዘዘ። ገበሬው ግን በዋዛ አልተመለሰም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም እንዲነሡ ተደረገ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ።

እስቲ በኮከብ እንቁጠረው። 1960 ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ገጸ ንስር። በቻይና 1968 የጦጣ ዓመት ነው። በየትኛውም ቆጠራ በሬ የለበትም። ደግሞስ ያ ሁሉ የሞጣና የብቸና ገበሬ የሁሉም እናት ስም፣ የሁሉም ቀሪ ቁጥር አንድ ሆኖ ነው ባንድ ጊዜ የተነሣው? አይደለም። አንዱ ሐመል፣ አንዱ ሑት፣ አንዱ ሠውር ነበር። ያስተባበራቸው የአዋጁ ነገርና የርስቱ ፍርሃት ነው። ከዚያ በፊት ታግሠው ከሆነም መታገሥ የሚያዋጣ ስለ መሰላቸው ነው።

ከዚህ ላይ ሐዲስ ዓለማየሁን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከዐመፁ ሁለት ዓመት በፊት። ዲማን የምታውቁ አገሩን ታውቁታላችሁ። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ በአበጀ በለው መሪነት ገበሬዎች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሡ እናያለን። በሌላ በኩል ደግሞ የበዛብህ ዕጣ ገና አፉን ሳይፈታ በወላጆቹ ስእለት ሲወሰን እናያለን። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቧቸው። አንደኛው ሰዎች «ዕጣችን ይኸ ነው» የተባሉትን አንቀበልም ሲሉ ነው። ሁለተኛው ልጅ ያልመረጠውን ዕጣ ዕድሜ ልኩን ሲሸከም ነው። ወላጆቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የፈሩ ሰዎች ነበሩ። የኔም አባት እንዲሁ ነው።

እምነቱ የሚሠራው ሥራ

እንግዲህ «ኮከብ ውሸት ነው» ብለን ብንተወው ይበቃል? አይበቃም። ውሸት የሆነ ነገር እውነተኛ ሥራ ይሠራልና። ከቻይና የ12ቱን እንስሳት ቆጠራ ከወሰዱት አገሮች አንዷ ጃፓን ነች። እዚያ በ60 ዓመት አንዴ የሚመጣ «የእሳት ፈረስ» የሚባል ዓመት አለ። በዚያ ዓመት የተወለደች ሴት ባሏን ታጠፋለች ይባላል። በፈረንጅ 1966 ይኸው ዓመት ሲደርስ የሆነውን ታውቃላችሁ? በዚያ ዓመት የተወለዱት ሕፃናት ቁጥር ካለፈው ዓመት በሩብ ያህል ቀነሰ። ጃፓን ያን ጊዜ ባቡር በማፍጠን፣ መኪናና ራዲዮ ለዓለም በመሸጥ የታወቀች አገር ነበረች። ፈረስ ከሰማይ ወርዶ ማንንም አልከለከለም። ወላጆች ለልጃቸው ባል እንዳይጠፋባት ፈርተው ራሳቸው አስቀሩት።

የኮከብ ኃይሉ ይኸ ነው። ልጁ በሬ ነው ከተባለ ሞፈር ይሰጡታል፤ ሞፈር ከያዘ ደብተር አይይዝም፤ ደብተር ካልያዘ ደግሞ «ይኸው፣ ቀለም አይዘልቅለትም ብለው የለ!» ይባላል። ትንቢቱን የሚፈጽሙት የሰሙት ሰዎች ናቸው። ለኔም እንዲሁ ነው። አንበሳ ነህ ተብዬ ስለ ተላክሁ ነው የተማርሁት፤ አንበሳ ስለሆንሁ አይደለም። ይህን የምለው ለትሕትና ብዬ እንዳይመስላችሁ። የወንድሜን ደብተር አይቻለሁ።

ወንድሜ ዐሥር ዓመት ካረሰ በኋላ ሚስት ታጨችለት። የልጅቱ ወገኖች የሞጣ ሰዎች ናቸው። ከነሱም ወገን ኮከብ የሚቆጥሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ አስቀድሞ «ልጄ ሠውር ነው፣ ብቸና ተቆጥሮለታል» አላቸው። እሳቸውም «በምን ስሙ?» ብለው ጠየቁ። በሚጠራበት ስሙ መሆኑን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የዓለም ስም ምኑ ይቆጠራል? በክርስትና ስሙ ነው እንጂ» አሉና ቆጠሩ። 7 ተረፈ። ሚዛን፤ ነፋስ። ከልጅቱ ኮከብ ጋር ጥሩ ይሄዳል ተባለ። ሠርጉ ተደገሰ፤ ሁሉም ደስ አለው።

እኔ ለሠርጉ ከዩኒቨርሲቲ ፈቃድ ጠይቄ ሄጄ ነበር። በማግስቱ ወንድሜ በሬዎቹን ሊያይ ሲወጣ አብሬው ወጣሁ። ቦራና ዳልቻ ናቸው፤ ደህና በሬዎች ናቸው፤ ሁለቱንም ከጥጃነታቸው ጀምሮ ያገራቸው እሱ ነው። በድንጋይ ላይ ተቀመጠና ወደ እነሱ እያየ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤

«አንተ የተማርህ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ። ሚዛን ከሆንሁ ያ ዐሥር ዓመት የማን ነበር?»

«አያ…» ብዬ ጀመርሁ፤ ቀጥሎ የምለው ግን አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ካላንደሩን ግን ከክፍላችን ግድግዳ ላይ አንሡልኝ ብዬ ጓደኞቼን ለመንኋቸው፤ እነሱም ሳይጠይቁኝ አነሡት።